ባለጸጋ ቤት ሲገዛ ስለ ባቡር ጣቢያ ቅርበት ሊያስብ ይገባዋልን?

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ቤት ነው። ድኻው ዝናብና ብርድ የሚከለክልለት ጣራ ካገኘ ፈጣሪውን አመስግኖ ያድራል፤ ባለጸጋው ግን አማርጦ የሚገዛ ስለ ሆነ የቦታውን አየር፥ የጐረቤቱን ጠባይ፥ የውሃውንና የመብራቱን ነገር፥ የግቢውን ስፋት እየመረመረ ዋጋውን ይቈርጣል። ይህን ሁሉ ሲመረምር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠይቀው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቤቱ ከሕዝብ ማመላለሻ፥ ማለት ከከተማ ባቡር ጣቢያና ከአውቶቡስ መቆሚያ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ጥያቄ ነው።

በአዲስ አበባ ሀብት ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። «ባቡርና አውቶቡስ መኪና ለሌለው ሰው የተሠሩ ናቸው፤ መኪናውን በደጁ የሚያቆም ሰው ስለ ጣቢያ ምን አስጨነቀው?» ይላሉ። ይህ አሳብ በገዢው ቤት ብቻ ተወስኖ ቢቀር ጕዳቱ የአንድ ሰው ጕዳት በሆነ ነበር። ነገር ግን ከተማውን የሚነድፉ፥ መሬቱን የሚመሩና መንገዱን የሚያሠሩ ሹማምንትም ራሳቸው በመኪና የሚሄዱ ስለ ሆኑ፥ ሳያውቁት በዚሁ አሳብ ሊሳቡ ይችላሉ። ስለዚህ ነገሩ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን መርምሮ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የእነዚህ ሰዎች ምክንያት ከንቱ እንዳልሆነ መመስከር ይገባል። ጣቢያ ባለበት ሰው ይበዛል፤ ሰው በበዛበት ጩኸት፥ የመንገድ ላይ ገበያና ኪስ አውላቂ አይጠፋም። የባቡር ሐዲድ በደጁ የሚያልፍበት ቤትና ከጣቢያው ጥቂት ርቆ የሚገኝ ቤት እኩል አይደሉም፤ በብዙ አገር የሚገኙ የቤት ገዢዎች ወደ ጣቢያው በእግር መድረስ ይወዳሉ፤ የሐዲዱን ድምፅ ከመኝታ ቤታቸው መስማት ግን አይወዱም። የከተማ ነዳፊዎችም ሰው ያለ ድካም በእግሩ ወደ ጣቢያ ይሄዳል ብለው የሚያስቡት እስከ 800 ሜትር ያህል፥ ማለት ዐሥር ደቂቃ ገደማ የሚያስኬደውን መንገድ ነው። ስለዚህ ጸጥታን የሚወድ ባለጸጋ በሐዲዱ አጠገብ ልቀመጥ አለማለቱ ማስተዋል እንጂ ትዕቢት አይባልም። ስሕተቱ ያለው ከሐዲዱ መራቅንና ከጣቢያው መራቅን አንድ አድርጎ በመቍጠሩ ላይ ነው።

የነገሩን ሥር ለማወቅ አዲስ አበባ እንዴት እንደ ተሠራች ማስታወስ ይጠቅማል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ መኳንንቱ በየኮረብታው ግቢ ተመርተው ሲቀመጡ፥ ወታደሩ፥ አሽከሩ፥ ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ጣዩ፥ ልጓም ያዡና የእጅ ሥራ ዐዋቂው ሁሉ በግቢው ዙሪያ ይሰፍር ነበር። ዛሬም ድረስ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ራስ ብሩ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው ይህን የሚመሰክር ነው። በዚያ ዘመን ትልቁ ሰው ከአገልጋዩ ጋር ተቀራርቦ የሚኖረው የማመላለሻ ነገር ስላልነበረ ነው፤ ጌታው ሲጣራ የሚሰማ፥ ሲልክ የሚደርስ ሰው በእግሩ ሊመጣ በሚችልበት ርቀት መኖር ነበረበት። የባለጸጋው ቤት ለብቻው የቆመ ቤት እንዳልነበረና በብዙ ሰዎች እግር የሚንቀሳቀስ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ዛሬ ግን የአኗኗሩ ሥርዓት ተለውጧል። ባለጸጋው በአያት፥ በሲ ኤም ሲ፥ በቦሌ ወይም ከከተማው ወሰን አልፎ በለገ ጣፎ አጥር በተሠራለት መንደር ውስጥ ይገዛል፤ የሚያገለግሉት ሰዎች ደግሞ የቤት ኪራይ በሚቀልበት በሌላ ዳርቻ ይኖራሉ። የአሽከሩና የጌታው ቤት ተራራቀ፤ ሥራው ግን አልተራራቀም። ተመላላሽ የቤት ሠራተኛ ማለዳ መድረስ አለባት፤ የቀን ዘበኛ የሌሊቱን ዘበኛ በሰዓቱ መቀየር አለበት፤ አትክልተኛው፥ የልጆቹ አስጠኚ፥ አሮጊቲቱን እናት የምትጠብቅ አስታማሚ፥ የቧንቧና የመብራት ሠራተኛ፥ ሾፌሩ ራሱ እንኳ ሳይቀር፥ የጌታውን መኪና ከመያዙ በፊት ከቤቱ እስከ ጌታው ቤት በታክሲ ወይም በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ነው። እንግዲህ ባለጸጋው ባቡር ባይሳፈርም ቤቱ በየቀኑ ይሳፈራል ማለት ነው።

ይህ ነገር በጽሕፈት ቤትም በሱቅም እውነት ነው፤ ነገር ግን በመኖሪያ ቤት ጕዳቱ ቶሎ ይታወቃል። ከጣቢያና ከአውቶቡስ መቆሚያ የራቀ ቤት የገዛ ሰው ሠራተኛ ሲፈልግ ሁለትና ሦስት ጊዜ ታክሲ የሚለውጥ ሰው ይመጣለታል። የደመወዙ እኩሌታ በመንገድ የሚያልቅበት ሠራተኛ የሚቀርበው ሥራ ባገኘ ቀን ትቶ ይሄዳል። ባለጸጋውም ወይ የመጓጓዣውን ገንዘብ ከደመወዙ ላይ ጨምሮ ይከፍላል፥ ወይም በየወሩ አዲስ ሰው ያሠለጥናል፥ ወይም መኪናውን እየላከ ያስመጣል። ቤቱን ሲገዛ ያተረፈ የመሰለውን ገንዘብ በዚህ መንገድ ጥቂት በጥቂት ይመልሰዋል። በወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር የተነገረው ምሳሌ ለቤት ገዢም የሚሆን ነው፤ የቤት ወጪ በግዢው ቀን አያበቃምና።

ደግሞ የባለጸጋው መኪና ራሱ ዘላለም እንደ ዛሬው የሚታመን አይደለም። መንግሥት ለነዳጅ ይሰጠው የነበረውን ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከግል መኪና ላይ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፥ በዚያን ጊዜ የተለየ ድጎማ የተጠበቀው ለሕዝብ ማመላለሻ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው የነዳጁን ዋጋ ቢያመልጥ የመንገዱን መጣበብ አያመልጥም፤ በመገናኛና በሜክሲኮ አደባባይ ማለዳና ማታ የተሰለፈ መኪና ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። መኪና በበዛ ቍጥር የእያንዳንዱ መኪና ፍጥነት ይቀንሳል፤ በአንድ ባቡር የሚሄዱት ሰዎች እያንዳንዳቸው መኪና ይዘው ቢወጡ ግን መንገዱ በጭራሽ በተዘጋ ነበር። ስለዚህ ጐረቤቱን የሚጭነው ባቡር ለባለጸጋው መንገድ ይከፍትለታል።

ከዚህም ሌላ በባለጸጋ ቤት መኪና የማይነዱ ሰዎች አሉ። ልጆች ዕድሜያቸው እስኪደርስ ድረስ አይነዱም፤ ሽማግሌ ዐይኑ ሲደክም መሪውን ይተዋል፤ የታመመ ሰው አይነዳም። ቤት የሚገዛው ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ስለ ሆነ፥ ዛሬ በአርባ ዓመቱ የሚገዛ ሰው ነገ በሰባ ዓመቱ ምን አድርጎ ከቤት እንደሚወጣ ማሰብ ይገባዋል። ልጁ በራሱ ተሳፍሮ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድና ሊመለስ የሚችልበት ቤት ለአባትና ለእናት በየቀኑ የሰዓት ትርፍ ይሰጣል፤ ለልጁም ከሰው ጋር መኖርን ያስተምረዋል።

ሀብት ያላቸው ሰዎች ስለ ጣቢያ ቅርበት እንደሚጨነቁ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። በሎንዶን በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1863 የተከፈተው የሜትሮፖሊታን ባቡር ኩባንያ የዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ይህ ኩባንያ ሐዲዱን ከከተማው ወደ ገጠሩ ባስረዘመ ጊዜ በሐዲዱ አጠገብ የነበረውን ትርፍ መሬት ይዞ ቈየ፤ ከ1915 ጀምሮ «ሜትሮ ላንድ» የሚል ስም ሰጥቶ ቤትና ባቡርን አንድ ላይ አስተዋወቀ። ገንዘብ ያላቸው የሎንዶን ነጋዴዎችና ጸሓፊዎች ዛፍና አበባ ካለበት ቤታቸው ወጥተው በባቡር ወደ ሥራቸው መድረሳቸው ለቤቱ ዋጋ ሆነለት። ለእነርሱ ባቡሩ የድኽነት ምልክት አልነበረም፤ ከከተማው ጭስ ርቀው ለመኖር ያስቻላቸው መሣሪያ ነበረ።

በጃፓንም እንደዚሁ ሆነ። ሺቡሳዋ ኤይቺ የተባለው ታላቅ የንግድ ሰው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1918 የአትክልት ከተማ የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያውም በቶኪዮ አጠገብ ዴንኤንቾፉ የተባለውን መንደር ሠርቶ በ1923 መሬቱን መሸጥ ጀመረ። የመንደሩ ንድፍ የሚያስደንቅ ነው፤ ጣቢያው እንደ ማዕከል ሆኖ መንገዶቹ ከእርሱ ተነሥተው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር መግቢያ ታላቁ የምድር መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ባፈረሰ ጊዜ ብዙ ሰዎች ከመካከለኛው ከተማ ወደ ዳርቻው ለመሄድ ፈለጉ። ዴንኤንቾፉ እስከ ዛሬ በጃፓን እጅግ ሀብታሞች የሚኖሩበት ሰፈር ተብሎ ይታወቃል፤ የመንገዶቹም ሁሉ መነሻ ያው ጣቢያ ነው።

ከውጭ አገር ምሳሌ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ደግሞ የዋሽንግተን ነው፤ በዚያ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና። የዋሽንግተን የከተማ ባቡር ሥራውን የጀመረው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚገኙበት ሲልቨር ስፕሪንግም በ1978 ጣቢያ አገኘች። በዚያ አገር ቤት የሚሸጥ ሰው ቤቱ ከጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ በማስታወቂያው ላይ ይጽፋል፤ ሐኪሙና ጠበቃው፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹሙም ከጽዳት ሠራተኛው ጋር በአንድ ባቡር ይቆማሉ። እነዚህ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአዲስ አበባ ቤት ሊገዙ ሲመጡ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ቢመጡ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይልቁንም በዚያ የጠየቁትን በዚህ መጠየቅ ቢተዉ ያስገርማል።

የባቡር ጣቢያ ከተማን እንደሚያሳድግ ለማወቅ ግን ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ተራራው ቢከለክለው ወደ ሐረር መውጣቱን ትቶ በ1895 ዓ.ም. በሜዳው ላይ ጣቢያ ባደረገ ጊዜ ድሬ ዳዋ ተወለደች። በጣቢያው በኩል ያለው ከዚራ መንገዱ ቀጥ ብሎ የተነደፈ፥ ዛፍ የተተከለበት፥ የባቡሩ ሹማምንትና የነጋዴዎች መኖሪያ ሆነ። በድሬ ዳዋ ከጣቢያው መቅረብ የክብር ቦታ እንጂ የውርደት ቦታ አልነበረም። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም ተወስዶ በከተማይቱ አፍ ገባ። በአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ ማመላለስ የጀመረውም ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የሕዝብ ማመላለሻ ለኢትዮጵያ ከተሞች የትናንት እንግዳ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ነገር ማየት ተገቢ ነው። ሥራው በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2008 ዓ.ም. ሕዝብን ማመላለስ ጀመረ። ሁለት መሥመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፥ ሁለተኛው ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚሄድ ነው፤ ርዝመታቸው በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጣቢያዎቻቸውም 39 ናቸው። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ከዚህ የሚበዛውን ያበደረው የቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ነው። ታሪፉ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፥ 4 እና 6 ብር ነበረ። የምሥራቁ መሥመር ሲ ኤም ሲንና አያትን፥ ማለት ብዙ ባለጸጎች ቤት የሠሩባቸውን ሰፈሮች ከመካከለኛው ከተማ ጋር የሚያገናኝ ስለ ሆነ፥ ለባለጸጋውም ለሠራተኛውም እኩል የተዘረጋ ሐዲድ ነበር።

ነገር ግን መዘርጋት አንድ ነገር ነው፤ ማቈየት ደግሞ ሌላ ነው። ለሥራው ከመጡት 41 ባቡሮች በ2015 ዓ.ም. ከግማሽ የሚበልጡት በመለዋወጫ እጥረትና በጥገና ጕድለት ቆመው ነበር። ባቡር ሲያንስ ሰው በጣቢያ ብዙ ይጠብቃል፤ የመጣውም ባቡር ከመጠን በላይ ይሞላል። ደግሞ ሐዲዱ በአጥር ተከልሎ በመንገድ መካከል ስለሚሄድ፥ በአንድ ወገን የሚኖር ሰው በሌላው ወገን ወዳለው ጐረቤቱ ለመሻገር ሩቅ የሚዞርበት ስፍራ አለ። ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የምድር ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው በከተማው ዳርቻ በፉሪ ለቡ ሆነ፤ የከተማው ቀላል ባቡር ግን እስከዚያ አይደርስም፤ ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ሌላውን ለመያዝ ታክሲ መፈለግ አለበት።

ስለዚህ «ጣቢያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ባለጸጋ በሙሉ የተሳሳተ አይደለም። የሎንዶኑና የቶኪዮው ሰው ለጣቢያ ዋጋ የሰጠው የጣቢያው ሕንጻ ስላማረው አይደለም፤ ባቡሩ በተባለው ደቂቃ እንደሚመጣ ስላመነ ነው። መጥቶ የማይታወቅ ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ ከመንገድ ዳር ከተሠራ ባዶ ዳስ አይሻልም። የቤት ዋጋ የሚከተለው እምነትን ነው። ባለጸጋው በባቡሩ ካላመነ ሁለተኛ መኪና ይገዛል፤ ሁለተኛ መኪና ሲገዛ መንገዱ ይጣበባል፤ መንገዱ ሲጣበብ አውቶቡሱ ይዘገያል፤ አውቶቡሱ ሲዘገይ ሌላው ሰው ደግሞ መኪና ይመኛል። ይህን ሰንሰለት የሚቈርጠው የማያቋርጥ ጥገናና የሰዓት መጠበቅ ነው።

ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይመርምር? ሻጩ «ለባቡር ቅርብ ነው» ሲለው ቃሉን ብቻ አይመን። ከቤቱ በር እስከ ጣቢያው መግቢያ በእግሩ ይሂድ፤ በዝናብ ቀን ጭቃው እስከ የት እንደሚደርስ፥ የእግር መንገዱ በመሸ ጊዜ መብራት እንዳለው፥ ሐዲዱን የሚሻገርበት ድልድይ ወይም መሻገሪያ ወዴት እንደሆነ ይይ። በማለዳና በማታ በጣቢያው ቆሞ ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ይቍጠር። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም፥ ታክሲውም ከመሸ በኋላ እንደሚገኝና እንደማይገኝ ሠራተኞቹን ይጠይቅ፤ እነርሱ ከደላላው ይልቅ እውነቱን ያውቃሉና። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት» እንደሚባለው፥ ከሩቅ ከሚታይ ሰፊ ግቢ ይልቅ በእግር የሚደረስበት ታማኝ ማመላለሻ በችግር ቀን ይረዳል።

ለሹማምንት ግን ከዚህ የከበደ ነገር አለ። በጣቢያ አጠገብ ያለ መሬት ዋጋው ቢጨምር ያን ዋጋ የጨመረው ባለቤቱ አይደለም፤ ሐዲዱን ያሠራው፥ ብድሩን የሚከፍለው ሕዝብ ነው። በኢትዮጵያ የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የመንግሥት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን ይናገራል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ መሬት በጨረታ የሚሰጥበትን ሥርዓት ወስኗል። እንግዲህ ሕዝብ የመሬቱም የሐዲዱም ባለቤት ሆኖ ሳለ፥ ከሁለቱ መገናኘት የሚወለደው ትርፍ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ቢቀር ይህ ፍርድ ነውን?

በሆንግ ኮንግ የከተማው ባቡር ድርጅት በጣቢያዎቹ ላይና በአጠገባቸው ሕንጻ የመሥራት መብት ከመንግሥት እየተቀበለ፥ ከቤቱ የሚያገኘውን ትርፍ ለሐዲዱ ማሠሪያ ያውለዋል። ባለጸጋው ስለ ቅርበቱ በደስታ ይከፍላል፤ የከፈለውም ገንዘብ ተመልሶ ባቡሩን ያስኬዳል። በኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች አንድ በር ከፍቷል። ከጣቢያ አጠገብ ካለ ውድ ቤትና ከሊዝ ጨረታ ከሚገኘው ገቢ የታወቀ ድርሻ ተለይቶ ለባቡሩ መለዋወጫና ለአውቶቡሱ ጥገና ብቻ እንዲውል ቢደረግ፥ ከፋዩ የከፈለበትን ነገር በዐይኑ ያያል፤ በዐይኑ ሲያይም መክፈሉን አያማርርም። ገንዘቡ በአንድ ሣጥን ተቀላቅሎ ከጠፋ ግን ማጕረምረሙ አያቋርጥም።

ሁለተኛው የሹማምንት ዕዳ ስለ ድኻው ነው። ባለጸጋው የጣቢያን ጥቅም ባወቀ ቀን በጣቢያው አጠገብ ያለውን ቤት ሁሉ ሊገዛ ይችላል፤ የጣቢያው እውነተኛ ተሳፋሪ ግን ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሩቅ ይሄዳል። ከመካከለኛው ከተማ ተነሥተው በቦሌ አራብሳ፥ በኮየ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ ሰዎች የመንገዱን ርዝመት ያውቁታል። በጣቢያ ደጅ ሁለትና ሦስት መኪና ላላቸው ሰዎች ብቻ የሚሆን ሕንጻ እየተሠራ፥ በየቀኑ የሚሳፈረው ሰው ባቡር በሌለበት ዳርቻ ቢሰፍር፥ ባቡሩ ተሳፋሪውን፥ ባለጸጋው ደግሞ ሠራተኛውን አጡ ማለት ነው። የጥንቱ ሰፈር ጕድለት ቢኖረውም ትልቁንና ትንሹን ሰው በአንድ ኮረብታ ሥር ያኖር ነበር። ስለዚህ በጣቢያ አጠገብ ለሚሠራ ሕንጻ ፈቃድ ሲሰጥ፥ ከቤቶቹ ጥቂቶቹ ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች እንዲሆኑ፥ የመኪና ማቆሚያውም በልክ እንዲወሰን በፈቃዱ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በብዙ ጐዳና የእግር መንገድን አስፍቷል፤ የብስክሌት መንገድም አበጅቷል። የእግር መንገድ የጣቢያ እጅ ነው፤ ሰውን ከቤቱ ይዞ ወደ ባቡሩ ያደርሳልና። ይህ ሥራ በዋናው ጐዳና ተጀምሮ በዚያው እንዳይቀር፥ ከጣቢያዎቹ ወደ መኖሪያ ሰፈሮቹ በሚገቡት ጠባብ መንገዶችም ቢቀጥል ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል። ሹማምንትም አንዳንድ ቀን የመንግሥትን መኪና ትተው ከአያት እስከ ስታዲየም በባቡሩ ቢሄዱ፥ በወረቀት ተጽፎ የማይመጣላቸውን ነገር ያገኛሉ፤ ቆሞ የጠበቀ ሰው የጥገናን በጀት በቸልታ አይፈርምም።

ለካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በመሥመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች ቅዱስ ዑራኤል፥ ቅዱስ እስጢፋኖስና ልደታ በአብያተ ክርስቲያናት ስም የሚጠሩ ናቸው፤ በንግሥ ቀን ምእመናን ከሩቅ ሰፈር የሚመጡት በዚሁ ማመላለሻ ነው። ቤት የገዛ ክርስቲያን የነፍስ አባቱን ጠርቶ ጠበል ያስረጫል። ያን ጊዜ የነፍስ አባት ስለ ግድግዳው ማማር ከማድነቁ ጋር፥ «በዚህ ቤት የሚያገለግሉህ ሰዎች ከየት ይመጣሉ? በስንት ሰዓት ይነሣሉ? ማታስ በሰላም ይገባሉን?» ብሎ ቢጠይቅ ከበረከቱ የተለየ ነገር አልተናገረም። የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት ኀጢአት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ዕንቅልፉንና ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥበትን ሰዓት ያለ ምክንያት መውሰድም የሚያስጠይቅ ነው።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ለባለጸጋ ቤት ገዢ የጣቢያ ቅርበት ይጠቅመዋል፤ የሚጠቅመውም ለራሱ ጕዞ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ለሚያቆሙለት ሰዎች፥ ለልጆቹና ለሽምግልናው ጭምር ነው። ይህን ጥቅም እንዲያገኝ ግን ባቡሩ መምጣት አለበት፤ ባቡሩም እንዲመጣ ጠጋኙ መለዋወጫ፥ መለዋወጫውም ገንዘብ፥ ገንዘቡም ታማኝ ሣጥን ይፈልጋል። ባለጸጋው የሚገባውን ሳያጕድል ይክፈል፤ ሹሙ የተከፈለውን ለተከፈለበት ነገር ያውል፤ ካህኑም ሁለቱን በፍቅርና በግልጽ ይምከር። እንዲህ ከሆነ በአያት የሚነሣው ባቡር ጌታንና አሽከርን በአንድ ሰዓት ያደርሳል፤ አዲስ አበባም በአጥር የተከፋፈሉ ግቢዎች መሆንዋ ቀርቶ አንድ ከተማ ትሆናለች።